የዳርሲ ኖይማን እርጥብ ስንዴ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ይህን ደብተር የላከችልኝ ታምሲን ናት። ልጄ አደላይድ ከተማ ተቀምጣ ስለ እኔ እንቅልፍ ትጨነቃለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የሚያስጨንቅሽን ጻፊውና ተኚ» ብላበታለች። የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም። ሥራ ግን አለ።

ዛሬ በእህል መቀበያ ጣቢያችን ለመኸሩ የቀጠርናቸው ሰዎች ገቡ። ገሚሶቹ ያምናዎቹ ናቸው። ጡረታ የወጣው የሒሳብ አስተማሪ ዘንድሮም መጥቷል፤ የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስትም መጥታለች። አዲሷ ጉርሊን የምትባል የፑንጃብ ልጅ ናት። አደላይድ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ አባቷ አገሯ ላይ ስንዴ ገበሬ ነው። ከእኔ ጋር ማማው ላይ ትሠራለች። የጭነት መኪናው ከበታቻችን ሲቆም በረጅሙ ቱቦ ከጭነቱ ናሙና እንስብና እርጥበቱን እንለካለን፤ ከዚያ ወይ ይገባል ወይ ይመለሳል። አንዴ አሳየኋት፣ ገባት።

ከሰዓት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ሰበሰበን። ኩባንያው እዚህ ሙናልቲ ከተማችን ላይ ገንዘብ ሊያፈስ ነው። ሁለት ትልልቅ ጎተራ፣ አዲስ ሚዛን፣ በማማው ፈንታ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠው የሚያዙት፣ ናሙና የሚወስድ የብረት ክንድ ሊመጣ ነው። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ይህች ከተማ ባንኳ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤቷ ሲቀንስ እንጂ የሆነ ነገር ሲጨመርላት አይታ አታውቅም። ሰውዬው በኋላ ለብቻዬ ጠርቶኝ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ኃላፊ እንደሚፈልጉ፣ ቦታውም የእኔ እንደሆነ ነገረኝ። መኸሩ አልቆ በሩ እስኪቆለፍ ድረስ መልሴን ይጠብቃል።

ምን መልስ አለው? ለታምሲን ከመኸሩ በኋላ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብያታለሁ። የምተኛበትን ክፍል ቀለም እየቀባች ነው። ቤቴን የሚገዙት ባልና ሚስትም እስከዚያ እንታገሳለን ብለዋል። ባለቤቴ ሮስ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ጠልቷል፣ እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር የለም። በቃ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ገብስ ገባ። አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሜልቦርንን የፈረስ እሽቅድምድም ሲያይ እኛ አቧራ ስንበላ ዋልን። የትኛው ፈረስ እንዳሸነፈ እስካሁን አላውቅም። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ስንዴ ተጀመረ። ዛሬ ጉድ አየሁ፤ የዳርሲ ኖይማን ጭነት ተመለሰ።

ዳርሲ ከከተማው ወጣ ብሎ ከእናቱ ጋር ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። ሚስት አላገባም፤ እናቱም ባለፈው ክረምት አረፉ። እኔ ይህን ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አንድም ጭነት ተመልሶበት አያውቅም። ሌላው ገበሬ «ዳርሲ ጀመረ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ነው ኮምባይነሩን የሚያስነሳው። የስንዴ እርጥበት ከአሥራ ሁለት ተኩል በመቶ መብለጥ የለበትም። የሱ በለጠ፤ በትንሹ ነው፣ ግን በለጠ። ደግሜ ለካሁት።

ባርኔጣውን አውልቆ ከታች ቀና ብሎ አየኝና ሕግ ሕግ ነው አለኝ። የከፋው አይመስልም። የቀኑ የመጨረሻ መኪና ስለነበር ከኋላው የሚያጣድፈው አልነበረም። ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ስለ ጉልበቴ ማን ነግሮት ይሆን? ቀጥሎ ስለ እናቱ የሎሚ ዛፍ፣ ቀጥሎ ስለ ነፋሱ አወራን። ጉርሊን ቱቦውን ጠርጋ እስክትሰቅል አልሄደም።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ዳርሲ ያንኑ ጭነት ከደረቅ እህል ጋር ደባልቆ አመጣው። በጣም ደርቋል። ገባ አልኩት። ደስ ሊለው ሲገባ ክፉ ወሬ የሰማ መሰለ፤ ገልብጦ ወዲያው ወጣ። ይህ ሰው እናቱን ካጣ ወዲህ ደህና አይደለም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

እንደገና እርጥብ። እንደገና የመጨረሻው መኪና።

ሚዛኑ ላይ የምትሠራው ግሌንዳ ከእኔ ጋር ብዙ መኸር አሳልፋለች፤ አፏ ግን አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም። ዳርሲ ሲወጣ በሬዲዮ ጠራችኝና «የኔ ቆንጆ፣ ይህ ሰው በምልልስ በሚያቃጥለው ናፍጣ ጥሩ የወርቅ ቀለበት ይገዛ ነበር» አለችኝ። ለምን ቀለበት ይሆናል፣ የፊት ጎማዎቹ ናቸው ያለቁት አልኳት። ሬዲዮው ላይ ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ጎማ ምኑ እንደሚያስቅ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 25

መፍትሔ አገኘሁ። መለኪያው ተበላሽቶበት ነው። ሮስ ገበሬ ሳለ ይጠቀምበት የነበረው የእጅ መለኪያ ጋራዡ ውስጥ ነበር፤ ዕቃ በካርቶን ስከት ነው ያገኘሁት። ባትሪ ቀይሬ ለዳርሲ ሰጠሁትና ሳትለካ እንዳትጭን አልኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከአሁን ጀምሮ እያንዳንዷን ጭነት እንደሚለካ ቃል ገባልኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

መለኪያው ምንም አልፈየደለትም። ዛሬ በለጠ፤ ትናንትም በልጦ ነበር። ያውም ሁለቱንም ቀን እኩል፣ ልክ ከመስመሩ በላይ። ማንበብ ያቅተው ይሆን? መነጽር ያስፈልገዋል። ለዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ልይዝለት ብዬ ነበር፤ ከዚያ ምን አገባኝ ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 30

የከተማው ክለብ ውስጥ እራት በላን። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ከኋላዬ የተቀመጡት ገበሬዎች ሦስተኛውን ቢራ ሲይዙ ሐሜቱ መጣ። እኔን አላዩኝም።

«ሜሪል ዳርሲን ጠምዳ ይዛዋለች» አለ አንዱ። «ጭነቱን ሳትመልስበት የዋለችበት ቀን የለም። ምን በድሏት ነው?»

«እናቱ በግብርና ትርዒቱ በኬክ አሸንፋታለች» አለ ሌላው። «ያኔ የያዘችው ቂም ነው።»

በኬክ! ያን ዓመት አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊው ሪባን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከሁሉ ያበገነኝ ይህ ነው። ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው የሌላውን ሰው ናሙና አንዴ ለክቼ የሱን ሦስት ጊዜ እንደምለካ ትዝ አለኝ። ለምን ሦስት ጊዜ? ፍርድ እንዳይጓደልበት ነው። የሌላውስ ፍርድ? ይህን ነገር ማረም አለብኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

የሚያቃጥል ሙቀት። ነፋስ። የእሳት አደጋ ሰዎች እሳት እንዳይነሳ ብለው ማጨድ ከልክለዋል። መኪና የለም። ጉርሊን ከአስተማሪው ጋር ቼዝ ተጫውታ ረታችው። በሩን ስንቴ እንዳየሁ እኔው ነኝ የማውቀው። ማንም እንደማይመጣ እያወቅሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 8

ዝናብ። በበሰለ ስንዴ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ሌባ ነው፤ የዳቦውን እህል የከብት መኖ ያደርገዋል። ግማሹ እርሻ ገና ቆሟል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ ስለ ምስጋና ሲሰብኩ ሰው ሁሉ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

አሁንም ዝናብ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሎ ሥራ እስኪጀመር ጊዜያዊ ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ ወደየቤታቸው እንድልካቸው ተነገረኝ። እምቢ አልኩ። ካሰናበትኳቸው አይመለሱም፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ እህሉ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው፤ ያኔ በማን እጅ ልቀበለው? ሰውዬው ተቆጣ፣ እኔም ተቆጣሁ፤ በመጨረሻ ግን ሥራ ካገኘሽላቸው ይቆዩ አለኝ። አገኘሁላቸዋ። የእህል መሸፈኛ ሸራው ሁሉ መጠገን አለበት። ሁሉም ሼዱ ውስጥ ተደርድረው እየሰፉ ይዘፍናሉ። የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ድምጿ ይህን ያህል ያማረ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ጉርሊን አንድ ትልቅ ድስት የምስር ወጥ ከቂጣ ጋር ይዛ መጥታ አስተማሪው ሦስት ጊዜ ተነስቶ ጨለፈ። በዝናብ ቀን ይህን ያህል ስቄ አላውቅም።

ዳርሲ ደወለ። እናንተ ጋ ይዘንባል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርሻው ከማማው ይታያል። ይዘንባል አልኩት። እኛም ጋ ይዘንባል አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም፤ በር ላይ በቆመ ሰው ፊት በሩን መዝጋት ነውር ነው፣ ስልክም እንደዚያው ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 14

ፀሐይ። ስንዴው ከተፈራው ይሻላል፤ አብዛኛው ለዳቦ ይሆናል። የመኪናው ሰልፍ እስከ ዋናው መንገድ ደርሷል፤ ሰው ከጋቢናው እየወረደ ይተቃቀፋል። ሸራ ሲሰፉ የከረሙት ልጆቼ እንደ ንብ ሲሠሩ ላያቸው ኩራቴን አልችለውም።

ዳርሲ መጣ፣ በመጨረሻ። በለጠ። ሲሄድ ጉርሊን ቱቦውን እየጠረገች አንድ ነገር ልንገርዎት አለችኝ።

«አክስቴ፣ በእኛ አገር እርጥብ ስንዴ ገበያ የሚያወጣ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ሞኝ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ገበያው ውስጥ የሚያያት ሰው አለችው።»

ቱቦውን እንደገና እንድታጸዳው ነገርኳት። ንጹህ ነበር።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 17

ግሌንዳ ስለ ጉትቻዬ ሙሉ ቀን ስታሾፍብኝ ዋለች። ጉትቻው ዕቃ ስከት የተገኘ ነው፤ ካርቶን ውስጥ ከሚጠፋ ጆሮ ላይ ይሻላል ብዬ ነው ያደረግኩት። ለማንም ብዬ አይደለም። ዳርሲ አላየውም። ወይም አይቶ ዝም አለ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 18

ዛሬ መሐንዲሶች መጥተው የብረት ክንዱ የሚተከልበትን ቦታ በቀይ ቀለም አሰመሩ። ማማው በክረምቱ ይፈርሳል። ዳርሲ ከመኪናው ወርዶ መስመሩን አየና ከዚያ በኋላ እኔ የት እንደምቆም ጠየቀኝ። ቢሮ ውስጥ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ እኔ አደላይድ እገባለሁ፣ ቤቱም ተሽጧል ማለት ይቻላል አልኩት። ሁሉም ሰው የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። እሱ አያውቅም ነበር።

መልካም ነው አለ። የኋላ ማርሽ ሊያስገባ የፊቱን አስገብቶ የበሩን ምሰሶ ለጥቂት ሳተው።

ለምን እንደዚያ ቀለል አድርጌ ተናገርኩት? ሰው የዕቃ ዋጋ እንደሚጠራ። ልናገር የሚገባኝ ሌላ ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ዳርሲ አልመጣም። ባለፈው ዓርብም አልመጣም። ከማማው ሲታይ የመጨረሻው እርሻው ሳይታጨድ ቆሟል። ኮምባይነሩ ተሰብሮ ይሆን? ታሞ ይሆን? ግሌንዳን እንድትደውልለት ጠየቅኳት። «አንቺ ጣት የለሽም?» አለችኝ። አልደወልኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም ያው ነኝ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 25

ታምሲን ለገና ልጆቿን ይዛ መጣች። የባሕር ሎብስተር፣ የአሳማ ሥጋ፣ የቼሪ ፍሬ በላን፤ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም በሚረጨው የአትክልት ውኃ ሥር ገብተን ረጠብን። የአደላይዱን ክፍል በስልኳ አሳየችኝ፤ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ ይገባበታል። በጣም ያምራል አልኳት። ያምራልም። የልጅ ልጄ ማማው ላይ ልውጣ ብላኝ ወሰድኳት። ከላይ ሆና «አያቴ፣ የማንን እርሻ ነው ዝም ብለሽ የምታዪው?» አለችኝ። ሁሉንም ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 3

የመዝጊያው ቀን። በሩ ሊቆለፍ ሲል የዳርሲ መኪና በአቧራ መጣ። ቱቦውን ራሴ ያዝኩ።

ለካሁት፤ በለጠ። እንደ ሌላው ጊዜ በጥቂቱ አይደለም፣ በደንብ ነው የበለጠው። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ወረደ።

«ሜሪል፣ ይኼኛው የኔ ሥራ አይደለም» አለ። «ዛሬ ጠዋት ከባሕር የመጣው ጭጋግ ነው ያረጠበው። እመኚኝ።»

«ይኼኛው ማለት ምን ማለት ነው?»

ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ ግሌንዳ ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል። ዳርሲ ጫማውን እያየ ተናገረ።

«የሰጠሽኝ መለኪያ ልክ ነው፤ ሳረጥበው ልክ ከመስመሩ በላይ እስኪሆን የምለካው በሱ ነበር። ከሱ በፊት በግምት ስሠራ አንድ ቀን ተሳስቼ ደረቅ አመጣሁ፤ ያን ቀን ሁለት ቃል ሳንነጋገር ነው የሄድኩት።»

እግዜር ይይለት፣ ተቆጣሁ። ከተማው በሙሉ ቂመኛ ሲለኝ መክረሙን፣ በኬክ መታማቴን፣ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ልይዝለት እንደነበር፣ ሁሉንም ከማማው ላይ ሆኜ አወረድኩበት። ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ታዲያ ይህን እርሻ ለምን ሳታጭድ እዚህ ቀን አደረስከው ብዬ ጠየቅኩት።

«ካጨድኩት አለቀ» አለ። «አንቺም ሄድሽ። እንዲያው ቆሞ ይክረም ብዬ ነበር፤ ዛሬ ግን መዝጊያው መሆኑን ሳስብ ተነስቼ በጭጋግ አጨድኩት።»

ናሙናውን እንደገና ለካሁት፤ ስንዴው በኔ ልብ አይደርቅም። መለስኩት። ብታሳልፊው አፍር ነበር ብሎኝ ሄደ።

በሩ ዛሬ መቆለፍ ነበረበት። በኃላፊነቴ አንድ ቀን አራዝሜያለሁ። በምዕራብ በኩል ያሉ ገበሬዎች የቀረ እህል ሊኖራቸው ይችላል።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 4

ከምዕራብ በኩል ማንም አልመጣም።

ዳርሲ ጭነቱን አድርቆ አመጣ። ለካሁት፣ አንዴ ብቻ። ገባ። ገልብጦ ከጨረሰ በኋላ ግን መኪናውን አጥፍቶ የማማውን መሰላል መውጣት ጀመረ። ሾፌር ማማ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጉርሊን ልታገኘው የሚገባት አንድ ነገር ሚዛኑ ጋ እንዳለ ድንገት ትዝ አላትና በወዲያኛው በኩል ወረደች።

ከቅርብ ሲታይ ዓይኑ ሰማያዊ ነው፣ ጆሮው በፀሐይ ተልጧል። ይህን ሁሉ ጊዜ ከላይ ሆኜ አናቱንና ባርኔጣውን ነው ሳይ የኖርኩት።

«ጎተራዬ ባዶ ነው» አለኝ። «ሌላ የማመጣው የለኝም። ሜሪል፣ ሰው ያለ ጭነት እንዴት እንደሚመጣ አላውቅም።»

«በቤቴ በር ነው የሚመጣው። አንኳኩቶ።»

«መቼ?»

«ነገ፣ ለምሳ።»

«ምን ይዤ ልምጣ?»

«ባዶ እጅህን ና» አልኩት። ከዚያ ዳርሲ ሳቀ፤ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ፣ ለምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ከታች ግሌንዳና ልጆቼ ሁሉ ሥራ የያዙ መስለው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ጠራርገው የጨረሱትን ግቢ እንደገና ይጠርጋሉ።

ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደውዬ ሥራውን ተቀብያለሁ አልኩ። ቤቴን ሊገዙ የነበሩትን ሰዎች ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቅር ብሏቸዋል፣ አይፈረድባቸውም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚሸጥ ሌላ ቤት እንዳለ ጠቆምኳቸው። ከሁሉ የከበደው የታምሲን ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቁጥሯን መትቼ ሳይጠራ ዘጋሁት። በሦስተኛው አነሳችው። ስለ ሥራው ነገርኳት። ደመወዙ ጥሩ እንደሆነ፣ ሁለት ጎተራ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንደሚቀጠር፣ ለከተማችን ምን ያህል እንደሚጠቅም ሁሉ አስረዳኋት። ስለ አዲሱ ሚዛን ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

«እማዬ፣ ስሙ ማን ነው?»

«የማን ስም?»

«በደወልሽ ቁጥር ስለ አንድ ሰው እርጥብ ስንዴ ስትነግሪኝ ከረምሽ። ስሙን ግን አንድም ቀን አልጠራሽልኝም። ክፍሉ ግድ የለም፣ ስትመጪ ታድሪበታለሽ። ስሙን ንገሪኝ።»

ነገርኳት።